አባዬ ጨረቃን ያየ ዕለት

አዲስ አበባ፣ ላምበረት
ጥር 2007 ዓ.ም.

ለምወድሽና ሁልጊዜ ለምትናፍቂኝ እህቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል እታለም? ባለቤትሽስ ደኅና ነው? ትንሿስ? መቼም አሁን መሮጥ ስለጀመረች ቤቱን እያተራመሰችልሽ ነው። የደሴ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? ዘንድሮ እኛም ጋ እንጦጦ ላይ ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ነው የሚያድረው፤ ጦሳ ተራራ ላይማ እንዴት ይሆን እያልኩ አስባችኋለሁ። እኔ ጌታ ይመስገን ደኅና ነኝ። አባዬም ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጸልያል። ስለ እሱ ደኅንነት ለጊዜው ይኼን ብቻ ልበልሽ።

«ምነው ስልክ ጠፋ?» እንደምትይ አውቃለሁ። ሆን ብዬ ነው ያልደወልኩት። ከደወልኩ ድምፄን ትሰሚያለሽ፤ ከሰማሽ «ምን ሆነሻል?» ትይኛለሽ፤ አንቺ ከጠየቅሽኝ ደግሞ መዋሸት አልችልም። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ፀጉሬን የጎነጎንሽኝ፣ ቀሚሴን ያሳጠርሽልኝ አንቺ ስለሆንሽ፣ አፌን ሳልከፍት ነው የምታውቂብኝ። ወረቀት ግን መልሶ አይጠይቅም። ቃል የገባሁበት ነገር አለ፤ ቃሌን ሳላፈርስ የሆነውን በተርታ ልጻፍልሽ። ሰሞኑን አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ይኼንንም የምጽፈው እየተነሣሁ፣ እስከ በሩ ሄጄ እየተመለስኩ ነው፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ።

ሥራ መቀየሬን ሰምተሻል። ጉርድ ሾላ ካለው ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማሬን ትቼ፣ እንጦጦ ጫፍ ያለው የኮከብ መመልከቻ ገብቻለሁ። ከእንጦጦ ማርያም አለፍ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ መሐል ሁለት ነጭ ጉልላት ይታያል፤ እዚያ ነኝ። ተማሪው በአውቶቡስ ተጭኖ ይመጣል፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ይመጣል፣ አንዳንዴም የመንደሩ ሰው ከብቱን አስሮ «ምንድን ነው የምታዩበት?» እያለ ይገባል። እነሱን ተቀብዬ ዓለም እንዴት እንደ ጀመረች ማስረዳት ነው ሥራዬ፤ ለከተማው ልጅ በአማርኛ፣ ለተራራው ሰው በኦሮምኛ። ሞቲ የሚባል ባልደረባ አለኝ፤ የኮከብ ማያውን መነጽር የሚያስተካክለው እሱ ነው። ስሜ ኡርጂ በኦሮምኛ ኮከብ ማለት መሆኑን ስለሚያውቅ «አንቺን እኮ ፈተና ሳይሰጡሽ በስምሽ ነው የቀጠሩሽ» ይለኛል።

እታለም፣ የተማሩትን ነገር ላልተማረው ሰው መንገር እንዲህ ከባድ አይመስለኝም ነበር። መጀመሪያ ያስቸገረኝ ቃሉ ራሱ ነው። «ታላቁ ፍንዳታ» ስል ልጆቹ እየተጠቃቀሱ ይስቃሉ፤ በሰፈር ቋንቋ ፍንዳታ ማለት ጎረምሳ፣ እነሱው ናቸዋ! ትልልቆቹ ደግሞ ቦምብ ይመስላቸዋል። «ምን ነበርና ነው የፈነዳው?» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ፍንዳታውን ትቼ ወደ ዳቦ ዞርኩ። ሊጥ አቡክታችሁ ጥቁር አዝሙድ ጣል ጣል ብታደርጉበት፣ ሊጡ ኩፍ ሲል አዝሙዶቹ ሳይራመዱ ይራራቃሉ፤ በሰማይ ያሉት የከዋክብት መንጋዎችም እንዲሁ እየተራራቁ ነው፤ የሚሰፋው መሐላቸው ያለው ቦታ ነው። ነገሩን ወደ ኋላ መልሳችሁ ብታስቡት፣ ዛሬ የምናየው ሁሉ አንድ ጊዜ ተጠጋግቶ፣ ታምቆ፣ ለማሰብ በሚከብድ ሙቀት ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እየሰፋና እየቀዘቀዘ መጣ እላቸዋለሁ። «ከዚያ በፊትስ?» ሲሉኝ «ሳይንስ እዚያ ላይ ገና አላውቅም ይላል» እላለሁ። አንዳንዱ ይኼን ሲሰማ ደስ ይለዋል፣ አንዳንዱ የተታለለ ይመስለዋል።

አንድ ቀን ከእንጦጦ ማርያም የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች መጡ። ዲያቆናቸው ተናግሬ እስክጨርስ ጠበቀና በትሕትና የእነሱን ትምህርት አጫወተኝ። እግዚአብሔር ፍጥረትን «እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ» አመጣው አለኝ፤ ከሌለበት ወደ አለበት ማለት ነው፤ ከዚያም እሳትን፣ ነፋስን፣ ውሃንና መሬትን ከምንም አስገኝቶ ሌላውን ከእነዚህ አበጀ። አንቺ አሁን ባለሽበት ቤተ ክርስቲያን ይኼን ሳትሰሚው አልቀረሽም። ማታ ለአባዬ ነገርኩት። «እዚያ ይኼን ነው እንዴ የሚያስተምሩት?» አለኝ። አዎ ስለው «ከሌለበት ወደ አለበት...» እያለ ለብቻው ደጋገመና፣ «ታዲያ እኛስ ሌላ ምን አልን?» አለ። ማንን እያሰበ እንደሆነ ገብቶኛል። ስምሽን ግን አልጠራም።

መከራው የመጣው አባዬ ከሚያገለግልበት ቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች ፕሮግራም ነው። ሚልኬሳን ታስታውሺው ይሆናል፤ ያ ስትሄጂ ገና ቁምጣ ለባሽ የነበረው ዘማሪ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። አባዬ አስተምሮ ሲጨርስ ብድግ አለና፣ «መጋቢ፣ እኔ ኮንፊውዝ ሆኛለሁ። ዓለም የተፈጠረችው በስድስት ቀን ነው ወይስ በቢሊዮን ዓመት? ከክፍሌ ልጆች ጋር እንጦጦ ወጥተን ኡርጂን ከሰማኋት ወዲህ፣ ፈተና ላይ የምጽፈውና እዚህ የምዘምረው ሁለት ሆነብኝ» አለ። አባዬ ተቆጥቶ ያስቀምጠዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ የድሮውን አባዬን ታውቂው የለ። እሱ ግን «ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። መልሱን እኔ አላውቀውም» አለ።

ይኼ «አላውቀውም» ነው ቤቱን ያናጋው። ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ ቤታችን መጡ፤ ፊት ፊት የሚናገሩት ጋሽ ኢቲቻ ነበሩ። ጋሽ ኢቲቻን ክፉ አድርገሽ እንዳታስቢያቸው። ከአባዬ ጋር የካ ተራራ ሥር አብረው ያረሱ፣ መሬታቸው ለቤት ሲሸነሸን አብረው ከተሜ የሆኑ፣ እናታችንንም የቀበሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው አዱኛ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ትቷል፤ አሁን ጭራሽ ከአባቱ ጋር አይነጋገርም። ያ ነው የሚያቃጥላቸው። «መጋቢ፣ ልጅህ ተራራ ላይ ሆና ዓለም በራሷ ፈነዳች ትላለች ይባላል። ልጆቻችንን እያየን ልናጣ ነው። ወይ ሥራውን ትተው፣ ወይ ከኅብረት ትታገድ» አሉ። እገዳውንም እንደ ደንቡ መጋቢው ራሱ ከመድረክ ማንበብ አለበት ተባለ።

እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር። በአንቺ ጊዜ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ እኮ። ሌላ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቀሽ አገባሽ ተብሎ አባዬ ስምሽን ከነአባትሽ ሲጠራ፣ ልጁን ለማገድ የራሱን ስም መጥራት ነበረበት፤ ጠራውም። አንቺ በመስኮቱ በኩል ውጭ ቆመሽ ስትሰሚ አይቼሻለሁ። ዞሬ ስመለከት የለሽም። በማግስቱ ከላምበረት መናኸሪያ በደሴ አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች አሉኝ። ያን ሁሉ ዓመት ስለዚያ ቀን ከአባዬ ጋር አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

እና አሁን ያው መድረክ፣ ያው ወረቀት፣ እኔ ደግሞ ባለተራ። ጓዳ ውስጥ ያለውን ብርጭቆ ሁሉ አንዴ አጥቤው እንደገና ማጠብ ጀመርኩ።

አባዬ «ከመፍረዳችን በፊት እንስማት። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ለሁላችን ታስረዳ። ከዚያ የምትሉትን አደርጋለሁ» አላቸው። ሲሄዱ ጠራኝና «ቅዳሜ ወደ ሥራሽ ውሰጂኝ። ያላየሁትን ነገር ልከስስም ልሟገትለትም አልችልም» አለኝ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ወጣን። መገናኛ በባቡሩ ሥራ እንደ ተቆፋፈረ ነው፤ ታክሲ ልንቀይር ስንሻገር እጄን ያዘኝ። አባዬ እኮ ነው! ልጆች ሳለን «ተከተሉኝ» ብሎ ፊት ፊታችን ይገሰግስ የነበረው ሰው። ዕድሜ አለዘበው ብዬ ደስ አለኝ። ታክሲው ፊታችን ቆሞ ሳለ «ታፔላው ምን ይላል?» አለኝ። ነገርኩት። ሽሮ ሜዳ ስንወርድ አንዲት ሴት ከእነ እንጨት ሸክሟ ቆማ ስታሳልፈን ባርኔጣውን አንሥቶ «ሰላም ለአንተ ይሁን ወንድሜ» አላት። ሴትየዋ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ያን ጊዜ አልገባኝም፤ እንዴት እንዳልገባኝ ሳስበው እስካሁን ያንገበግበኛል።

ተራራው ላይ ስንደርስ ግን ወጣትነቱ የተመለሰ መሰለ። የባሕር ዛፉን ሽታ ስቦ «ኤዪ፣ ይኼ አየር!» አለ። ከማዶ ሸንተረር ላይ አንድ ሰው እንጨት ይፈልጥ ነበር። አጋጣሚውን ይዤ ማስተማር ጀመርኩ። «አባዬ፣ ያንን ሰውዬ ተመልከት። መጥረቢያው ሲያርፍ ታያለህ፤ ድምፁ ግን ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ብርሃንም እንደዚያ ነው፤ ምንም ፈጣን ቢሆን ለመድረስ ጊዜ ይፈጅበታል። አሁን የምታያት ፀሐይ ከስምንት ደቂቃ በፊት የነበረችው ናት። የሩቅ ከዋክብት ብርሃን ደግሞ በጣም ብዙ ዘመን ስለሚጓዝ፣ እኛ ጋ ሲደርስ ኮከቡ ራሱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰማይን ማየት የጥንቱን ማየት ነው። የዓለምን መጀመሪያ የሚፈልጉት ሰዎችም በዚሁ መንገድ ነው የሚፈልጉት» አልኩት።

«የታለ ሰውዬው?» አለኝ። በጣቴ አሳየሁት። ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረና «እህ» አለ።

ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እንዲህ አለኝ፤ ቃል በቃል ነው የምጽፍልሽ። «ላኪው ከጠፋ በኋላም የላከው ይደርሳል ማለት ነው?»

«አዎ አባዬ።»

«ክፉ ቃልም እንዲሁ ነው። ተናጋሪው ከተጸጸተ በኋላም መንገዱን ይቀጥላል። ደሴ ድረስ ይሄዳል።»

«በእኛ ቋንቋ ሰማዩም ዋቃ ነው፣ ፈጣሪውም ዋቃ ነው» አለ ቀጥሎ። «አያትሽ ቀና ሲል ሁለቱን አይለይም ነበር። እኔ ወንጌልን ስቀበል ለየሁ፤ ሰማዩ ፍጡር ነው፣ አምላክ ሌላ ነው አልኩ። ልክ ነኝ። ግን አባቴን አላዋቂ ብዬ ናቅሁት፤ እዚያ ላይ ልክ አልነበርኩም። ሰው የሚያመልከውን ከማወቁ በፊት ቀና ማለት ይቀድማል መሰለኝ።»

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሞቲ ጉልላቱን ከፈተልን። ጨረቃ ገና መወለዷ ስለነበር እንደ ማጭድ ቀጥና በምዕራብ በኩል ተንጠልጥላለች። ሞቲ መነጽሩን አስተካከለና «መጋቢ፣ ይመልከቱ» አለው። አባዬ ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ። መተንፈሱ ይሰማኛል።

«ታየችህ አባዬ?» አልኩት።

«እንዴታ! ሙሉ ሆና፣ ክብ ሆና! ለፈጠራት ክብር ይግባው!» አለ።

ሞቲ ሊስቅ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወው። አባዬን በቀስታ ገለል አድርጌ ጎንበስ አልኩ። ጨረቃዋ ያችው ማጭድ ነበረች።

ስንወርድ ክንዴን ጥብቅ አድርጎ ይዞኝ ነበር። ዳገቱን ግማሽ ወረድን። ከዚያ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አለኝ፤ እንዲህ ብሎ የሚጠራን ሆዱ ሲባባ እንደሆነ ታውቂያለሽ። «ዛሬ ያየሽውን ለማንም አትንገሪ። ቃል ግቢልኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ካለፈው ክረምት ወዲህ። እያደር ይብሳል፣ አይመለስም ነው የተባልኩት። ለእሷም ቢሆን አትንገሪያት። ከሰማች አዝናልኝ ትመጣለች። አዝናልኝ እንድትመጣ አልፈልግም።»

ቃል ገባሁለት። ስለዚህ እታለም፣ ያየሁትን አልጻፍኩልሽም። ጨረቃዋ ምን እንደምትመስል ብቻ ነው የጻፍኩልሽ።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከእኛ ማኅበር ያልሆኑም፣ የላምበረት ነጋዴዎችም ሳይቀሩ መጥተው ነበር። ከሊጡ ጀመርኩ፣ ስለ ብርሃኑ ነገርኳቸው፣ ከዋክብት በሆዳቸው ያበሰሉት ነገር ኋላ አፈርም ደምም እንደሆነ ነገርኳቸው። መናኸሪያው በር ላይ የሚነግዱት ወይዘሮ ዲንቄ እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ሊጡ ገብቶኛል። ያቦካው ማነው?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ «አሜን!» የሚልም ነበር።

«እማማ ዲንቄ፣ ሳይንስ ሊጡ እንዴት ኩፍ እንዳለ ነው የሚመረምረው» አልኳቸው። «ያቦካውን በመነጽር አይቶ ‹ይኸው› የሚልም፣ ‹የለም› የሚልም የለም። እኔ ያቦካው እግዚአብሔር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይኼን ግን ተራራው ላይ አልተማርኩትም፣ እዚህ ነው የተማርኩት። እንዴት ሆነ የሚለውንና ማን አደረገው የሚለውን ጥያቄ አንድ አድርገን ስንይዛቸው ነው የምንጣላው።»

ጋሽ ኢቲቻ ተነሡ። «ስድስቱ ቀንስ? ውሸት ነው ልትይን ነው?»

«አይደለም ጋሼ። ፀሐይ በአራተኛው ቀን ነው የተፈጠረችው፤ እንግዲህ ከእሷ በፊት የነበሩት ቀኖች በምን ተለኩ? እንደ እኛ ቀን ናቸው የሚሉ መምህራን አሉ፤ ረጅም ዘመን ናቸው የሚሉም አሉ፤ ነገሩ የሰዓት ቆጠራ ሳይሆን ምስጋና ነው የሚሉም አሉ። እኔ የትኛው ልክ እንደሆነ አላውቅም። ግን ሁሉም ዓለም ጀማሪ አላት ይላሉ። ሳይንስም በበኩሉ ዓለም ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረችም ይላል።»

«አዱኛም እንዲህ ነበር የጀመረው» አሉ ጋሽ ኢቲቻ፤ ድምፃቸው ሰለለ። «መጀመሪያ ጥያቄ። ቀጥሎ ዝምታ። አሁን በሬን አያንኳኳም።»

«ጋሼ፣ እኔ እዚሁ ነኝ» ብቻ አልኳቸው። «ሰው ስለጠየቀ አይደለም የሚጠፋው። ምናልባት በሩን እርስዎ ቢያንኳኩለት...» ብዬ ጀመርኩና አልጨረስኩትም፤ የእኛም ቤት በር ትዝ አለኝ።

ያን ጊዜ አባዬ ተነሣ። የመድረኩን ጠርዝ ይዞ ቆመ፤ መጽሐፉን ገለጠና የፍጥረትን ምዕራፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሰማን። እንዲያ ባለ ድምፅ ሲያነብ ሰምቼው አላውቅም። አንድ ገጽ እንኳ አላዞረም። መጽሐፉ የተገለጠው መጨረሻው አካባቢ መሆኑን ከእኔ በቀር ልብ ያለ ሰው የለም።

ከዚያ መጽሐፉን ዘጋው። «ከዚህ መድረክ አንዲት ልጄን አግጃለሁ» አለ። «ያን ቀን እግዚአብሔርን የጠበቅሁለት መስሎኝ ነበር። ሰማይን የዘረጋ አምላክ በር ጠባቂ አያስፈልገውም። ሁለተኛዋን አላግድም። መድረኩንም ከዛሬ ጀምሮ ለሌላ አገልጋይ አስረክቤያለሁ።»

አባዬ ደረጃውን በእግሩ እየፈለገ መውረድ ሲጀምር፣ ከሁሉ ቀድመው ተነሥተው ክንዱን የያዙት ጋሽ ኢቲቻ ናቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያይዘው በመሐል መንገዱ ወጡ። እኔን ማንም አላገደኝም፤ ነገሩ እንደገና አልተነሣም።

ግን እታለም፣ ያላወቅሁት ሌላ ፍርድ ጠበቀኝ። ላምበረት ላይ አሁን ወሬው አንድ ነው፤ «በትምህርቷ አባቷን ከመድረክ አወረደችው» ይላሉ። ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ተቀምጠው ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ሚልኬሳ ቤት ድረስ መጥቶ «ጥያቄዬን ባልጠይቅ ኖሮ» ብሎ አለቀሰ፤ አባዬ አቀፈው፣ እኔ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር የሚቀልለትን ልጅ ዝም ብዬ ሸኘሁት። ለራሴም ያችን አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ስሜ ይነጻልኛል። አልናገርም። ሥራ ቦታ ቆሜ ስለ ዓለም መጀመሪያ ሳስረዳ ሐሳቤ ቤት ነው፤ ከሰሉን ለኩሶ ይሆን? በረንዳው ላይ ያለችውን ባልዲ አንሥቻታለሁ? ባለፈው ማክሰኞ ጎብኚዎቹን መሐል ላይ ጥዬ ወጥቼ ደወልኩለት። «ምን ሆነሻል? ደኅና ነኝ እኮ» ብሎ ሳቀብኝ።

በሞባይል የላክሽልኝን የትንሿን ፎቶ ትናንት ሰጠሁት። በሁለት እጁ ይዞ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ አቀረበው፣ አራቀው። ከዚያ መለሰልኝና «አንቺ ንገሪኝ፣ ማንን ትመስላለች?» አለ። ግንባሯ የእናታችን ነው፣ ስትስቅ ግራ ጉንጯ ይሰረጉዳል፣ ፀጉሯ አልያዝ ብሎ ቆሟል እያልኩ የቻልኩትን ነገርኩት። እንደ ሕፃን ልጅ አፉን ከፍቶ ሰማኝ። ስጨርስ «ጥሩ ነው» አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «ይኼም ጥሩ ነው» አለ። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ።

አዝነሽለት እንዳትመጪ፤ እሱ አይፈልግም። ተቆጥተሽ ነይ። በሰው ፊት ስላዋረደሽ ልትወቅሽው ነይ፣ የልብሽን ሁሉ ተናግረሽ ልትወጪ ነይ። ብቻ ነይ። ክረምቱን አትጠብቂ፣ ፋሲካንም አትጠብቂ። ማልዶ በሚነሣው አውቶቡስ ከመጣሽ ገና ጀንበር ሳለች ላምበረት ትደርሳላችሁ፤ ከመሸ ግን እዚያው አቅራቢያ እደሩና ጠዋት ግቡ እንጂ በጨለማ አትግቡ። ደጃፉ ላይ ስትደርሺ እንዳኮረፈ ሰው ዝም ብለሽ አትቁሚ፤ «አባዬ» ብለሽ ተጣሪ። ትንሿን ፀሐይ በሚገባበት መስኮት በኩል አምጪለት፤ ከሩቅ አታሳዪው፣ ፊቷን ከፊቱ ጋር አስጠጊው። ጢሙን ብትጎትተው፣ ዓይኑን ብትነካካው ተያት፤ አትከልክያት።

ሰማይንና ምድርን ያጸና ጌታ መንገድሽን ያቅናልሽ። ቤትሽን ይባርክ፤ ባለቤትሽን በሰላም ይጠብቅልሽ፤ ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ተያይተን አብረን የምናመሰግንበትን ቀን ያቅርብልን።

በናፍቆት የምትጠብቅሽ
ታናሽ እህትሽ